ከገጹ ግርጌ ያለችው መስመር

ጎህ ሲቀድ የታጠቁ ሰዎች በሁለት ፒክአፕ ሆነው የወደቡን ከተማ የጋዜጣ መሸጫዎች አንድ በአንድ አዳረሱ። የዕለቱን «ኤል ባርሎቬንቶ» ጋዜጣ ጠራርገው ሰበሰቡና ወንዙ ከባሕሩ በሚገናኝበት አሸዋ ላይ ከምረው ቤንዚን አርከፈከፉበት። የአደባባዩ ጥግ ጋዜጣ ሻጭ ዶን ናቦር አንድ ቅጂ ከመቀመጫው ሥር ደብቆ ተገኘ። ቀኝ እጁን በገዛ ሱቁ የብረት መዝጊያ ሥር አስገብተው መዝጊያውን ሁለት ጊዜ ለቀቁበት።

ካሲልዳ ኡሩቲያ ወደ ሥራዋ ስታልፍ ያገኘችው እጁን በፎጣ ጠቅልሎ በባዶው መደርደሪያ ፊት እንደተቀመጠ ነው። ፎጣው ቢጫ ነበር፤ ግማሹ ቀልቷል።

«ዶን ናቦር! ምን ይጠብቃሉ? ሐኪም ቤት አይሄዱም?»

«የእህቴ ልጅ መኪና ይዞ እየመጣ ነው።» ፊቱ አመድ መስሏል። «ሦስት ፖሊሶች በየስማቸው ወጥተዋል፣ ካሲልዳ። ፎቶም አለ። አምስቱን ልጆች ከፖሊስ መኪና አውርደው ለእነዚህ ሲያስረክቡ። የኦብዱሊያ ልጅ ከፊት ነው ያለው።»

«አንብበውታል?»

«ከዳር እስከ ዳር። የሰበሩት እጄን ነው፤ ዓይኔን አልነኩትም።» ሊስቅ ሞከረና ከንፈሩን ነከሰ። «ሂጂ አሁን፣ አትቁሚብኝ። እዚህ የቆመ ሁሉ ይታያል።»

አምስቱ ልጆች የጠፉት በመጋቢት ነበር፤ ከቤዝቦል ጨዋታ ሲመለሱ፣ በዋናው መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ። ፖሊስ አላየሁም አለ። እናቶቹ ሰባት ወር ሙሉ የፖሊስ ጣቢያውን በር አንኳኩ። አንዷ እናት በጎማ ዱላ ተመትታ ጆሮዋ ደንቁሯል። ከዚህ በቀር ያገኙት መልስ አልነበረም።

ካሲልዳ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትሠራለች። የጋዜጣ ክፍል ይባል ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኗታል፤ አሁን የዲጂታል አዳራሽ ይሉታል። «ኤል ባርሎቬንቶ» በኢንተርኔት የሚነበበው ለከፈለ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ይታያሉ፤ ከዚያ ገጹ ይደበዝዝና «ደንበኛ ይሁኑ» ይላል። በወደቡ ለዚህ የሚከፍል ሰው የለም ማለት ይቻላል። ዩኒቨርሲቲው ግን ለማኅበረሰቡ ሁሉ የገባው ደንበኝነት አለ። ተማሪው በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል አንድ ጊዜ ይመዘገብና ያነባል። ከውጭ የመጣ ሰው ከሆነ ካሲልዳ የዕለቱን የእንግዳ የይለፍ ቃል ራሷ ትጽፍለታለች። ተማሪም ሆነ እንግዳ፣ በአዳራሹ ማሽን የሚቀመጥ ሁሉ መታወቂያውን ያስይዛል። ከጀርባዋ ግድግዳ ላይ አሥራ ሁለት ቀዳዳ ያለው የእንጨት ሣጥን ተሰቅሏል፤ በማሽን ሰባት የተቀመጠ ሰው መታወቂያው በሰባተኛው ቀዳዳ ይቆያል።

ሌላም ልማድ አለ። ከዚያ አዳራሽ የሚታተም ገጽ ሁሉ ግርጌው ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ይዞ ይወጣል፤ የቤተ መጻሕፍቱ ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የማሽኑ ቁጥር። ተማሪዎች መስመሯን ቆርጠው ሲጥሉ ካሲልዳ ትቆጣለች። ምንጭ የሌለው ወረቀት አባቱ ያልታወቀ ወሬ ነው ትላቸዋለች።

ኦብዱሊያ የመጣችው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በገበያው የተጠበሰ ዓሣ ትሸጣለች፤ ሽበት የወረሰው ረጅም ጉንጉኗ እስከ ወገቧ ይደርሳል። ደረጃውን በሩጫ ስለወጣችው ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«በስልክ ሁለት ዓይነት ልከውልኛል» አለች። «አንዱ ላይ ፖሊሶቹ ሌሎች ናቸው። ሌላው ልጄን ሌባ ይለዋል። ሁለቱም ቁርጥ ጋዜጣውን ይመስላሉ። የትኛው ነው እውነቱ?»

«ሁለቱም አይደሉም። እነዚያው ራሳቸው ሠርተው የለቀቁት ነው። ሰው ግራ ሲጋባ ዝም ይላል።»

«እንግዲያው እውነተኛውን አሳዪኝ።»

ካሲልዳ መታወቂያዋን ተቀብላ ሰባተኛው ቀዳዳ ውስጥ አስገባች፤ የእንግዳውን የይለፍ ቃል ጻፈች። ገጹ ተከፈተ። ፎቶው ከነዳጅ ማደያ ካሜራ የተወሰደ ነው። ኦብዱሊያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ አንድም እንባ ሳታወጣ፣ እስከ መጨረሻው አነበበች። ከዚያ ጣቷን ማያው ላይ አሳረፈች።

«ይህን ሸሚዝ የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ስልሳ አውጪልኝ።»

ለእንግዳ የተፈቀደው አምስት ገጽ ነው። ካሲልዳ ስልሳ አወጣች። ማተሚያው ሲያጉረመርም ሁለቱም የደረጃውን በር ያዩ ነበር።

«ታች ያለችውን ነገር ልቁረጣት?»

«እንዳትነኪያት! ከዩኒቨርሲቲው መውጣቱን የምታሳየው እሷ ናት። ያለ እሷ የአንቺም ወረቀት እንደ ስልኩ ውሸት ነው የሚመስለው።»

ኦብዱሊያ ወረቀቱን ከዓሣ መጠቅለያዋ ሥር አድርጋ ወጣች። ትታው የሄደችውን መታወቂያ ካሲልዳ ያየችው ጥቂት ደቂቃ ቆይታ፣ ሊዮባርዶ የሚባል የግብርና ተማሪ የራሱን ሲሰጣት ነው። ሰባተኛው ቀዳዳ ባዶ አልነበረም። የኦብዱሊያን መታወቂያ መዘዘችና ማንም ሳያያት ጡት መያዣዋ ውስጥ ሸጎጠችው። ለምሳ ስትወጣ ታደርስላታለች።

«ሰባት ላይ ያስቀምጡኝ፣ ዶኛ ካሲልዳ» አለ ሊዮባርዶ። የሸንኮራ ቆራጮች ልጅ ነው፤ አንገቱ እንደ ወይፈን አንገት። «ሌሎቹ ማሽኖች ፊደል ይውጣሉ።»

«የምትውጠው አንተ ነህ። ባለፈው ከፊደሉ መሐል የዳቦ ፍርፋሪ የለቀምኩት እኔ ነኝ።»

«ለምሳ ይሆንዎታል ብዬ እኮ ነው።»

እየሳቀ ሄዶ ተቀመጠ።

አምስት ሰዓት ገደማ ከታች ጩኸት ተሰማ፤ ወዲያው ሰው ደረጃ ላይ ሲንከባለል የሚሰማ ድምፅ። የበሩ ዘበኛ ነበር። በገዛ ዱላው አፍንጫውን ሰብረው፣ በአንገትጌው እየጎተቱ እስከ ሦስተኛው ፎቅ አወጡትና አዳራሹ መሐል ጣሉት። አምስት ናቸው፤ አራቱ ጠመንጃ ይዘዋል። አምስተኛው ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጸጉሩን በውኃ ያበጠረ፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ሰው ነው። ልጅ ሳለ በወደቡ ቤተ ክርስቲያን ሻማ ይይዝ ስለነበር ዲያቆኑ ይሉታል። ስሙን በወደቡ የማያውቅ የለም፤ ጮክ ብሎ የሚጠራውም የለም።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ፤ ትምህርታችሁን አታቋርጡ» አለ ለተማሪዎቹ። ወደ ካሲልዳ ጠረጴዛ መጥቶ አንድ ወረቀት ዘረጋ። ሙጫው ገና አልደረቀም፤ ጥጉ ላይ የግድግዳ ቀለም ተጣብቋል። «እናቴ፣ እንደምን አደርሽ? ይህ ነገር በገበያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሃምሳ ያህል ቦታ። ማን ለጠፈው ብዬ ጠየቅኩ። ሁለት መቶ ሰው፣ አራት መቶ ዓይን፤ ሁሉም ዕውር። እኔ ትምህርት አልወድም ነበር፤ ይቺን ግን አነበብኳት።» ንጹሕ ጣቱን ግርጌው ላይ አደረገ። «ማሽን ሰባት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ። ምን ዓይነት ጥንቁቅ ቤተ መጻሕፍት ነው!»

ካሲልዳ መስመሯን አየቻት። እንዳትነኪያት ያለችው እሷው ናት። 

ከጠመንጃ ያዦቹ አንዱ ከጀርባዋ ዞሮ ከሰባተኛው ቀዳዳ መታወቂያውን አወጣ፤ ጮክ ብሎ አነበበ። «ሊዮባርዶ ሳልዲቫር።»

ሊዮባርዶ ከወንበሩ ብድግ ከማለቱ የጠመንጃው ሰደፍ አገጩ ላይ አረፈ። ወደቀ። ሁለቱ ጎኑን፣ ጀርባውን፣ ጭንቅላቱን በጫማ ረገጡት። ሦስተኛው የማሽኑን የፊደል ሰሌዳ ነቅሎ ፊቱ ላይ ደጋግሞ ሰበረበት፤ ፊደሎቹ በወለሉ ላይ እንደ በቆሎ ፍሬ ተበተኑ። በአዳራሹ አሥር ተማሪዎች ነበሩ። ሁሉም እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ የሚሰማውን ይሰሙ ነበር። አንዲት ልጅ ታለቅሳለች፤ ድምፅ ግን የላትም።

«እኔ አይደለሁም!» አለ ሊዮባርዶ በደም መሐል። «በኋላ ነው የመጣሁት! ከእኔ በፊት ሴት ነበረች... ደረጃውን ስወጣ እሷ ስትወርድ አልፋኛለች... አሮጊት ሴት! ጉንጉን ያላት!»

ዲያቆኑ እጁን ሲያነሳ ድብደባው ቆመ።

«አየሽ፣ እናቴ? ተማሪ ሲባል እንዲህ ነው፤ ሲጠየቅ ይመልሳል። ሴትዮዋ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አለች ካሲልዳ። «የእንግዳውን የይለፍ ቃል ከእኔ በቀር ማንም አያውቀውም። ያተምኩት እኔ ነኝ።»

ይህ ውሸት አልነበረም። ዲያቆኑ ግን አጭር ጸጉሯን አየ፤ ፈገግ አለ። ከዚያ በሽጉጡ አፏን መታት። የፊት ጥርሷ ሲሰበር በጆሮዋ ሰማችው፤ ሕመሙ ዘግይቶ ነው የመጣው።

«ጉንጉን ያላት ነው ያለው። አምስት እናቶች አሉ፤ ይቅናህ ቢሉኝ አምስቱንም እገድላለሁ። አለቃዬ ግን ቁጥብ ሰው ነው፤ አንዷን ትክክለኛዋን አምጣ ይላል። እኔ ደግሞ የምጠይቀው ሁለት ጊዜ ነው።» ሽጉጡን ሳያነጣጥር ወደ ወለሉ አወረደና ተኮሰ። ሊዮባርዶ ጮኸ፤ ጭኑን በሁለት እጁ ያዘ፤ በጣቶቹ መሐል ደሙ ተንፎለፎለ። «አንድ አልን። ሁለተኛዋ ጭንቅላቱ ላይ ናት።»

መታወቂያው ከጡቷ ሥር ቆዳዋን ይወጋት ነበር። ካወጣችው ኦብዱሊያ ከምሳ በፊት ትሞታለች። ካላወጣችው ይህ ልጅ አሁን፣ እዚህ፣ ከፊቷ ይሞታል። ልጁን ማትረፍ እንዳለባት ታውቃለች፤ ኦብዱሊያንም አሳልፋ እንደማትሰጥ ታውቃለች። ሁለቱ በአንድ ላይ የሚሆኑበትን መንገድ ግን አታውቅም። እጇ ነው ያወቀው። የጠረጴዛዋን የታችኛው መሳቢያ ሳበች።

መሳቢያው ውስጥ ሰዎች ረስተዋቸው የሄዱ መታወቂያዎች በላስቲክ ታስረው ተቀምጠዋል። የከተማው ሰው መታወቂያ አስይዞ መርሳት ልማዱ ነው፤ ይረሳና አዲስ ያወጣል። አንዳንዱ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ካሲልዳ ላስቲኩን ፈታች፤ አንዱን መዘዘች። ኸርሊንዳ ሳሙዲዮ፤ ጡረተኛ የታሪክ መምህር። በየማለዳው እየመጣች የሞት ማስታወቂያዎችን ታነብ ነበር። ከፋሲካ በፊት ራሷ ሞተች፤ ካሲልዳ ቀብሯ ላይ ቆማለች። ልጇ ለሥራ ወደ ሰሜን ተሰዷል፤ ቤቷ በሰንሰለት ተቆልፏል። ፎቶዋ ላይ ሽበታም ጉንጉን በትከሻዋ ወርዷል።

«ቸኩላ ስትወጣ ረሳችው» አለች ካሲልዳ። ቃሉ ከደም ጋር ወጣ።

ዲያቆኑ መታወቂያውን በሁለት ጣቱ ይዞ አየው። «ይቺ እናት አይደለችም።»

«መምህር ናት። ከልጆቹ አንዱን አስተምራዋለች።»

«መምህር!» ወደ ሰዎቹ ዞረ። «አላልኳችሁም? አገር የሚያምሰው ሁልጊዜ መምህር ነው።» መታወቂያውን ለልጅ እንደሚነበብ መዝሙር ቀስ ብሎ አነበበው፤ ስሟን፣ በካልቫርዮ ጎዳና ያለውን የቤቷን ቁጥር። «ቤቷ ካልተገኘች ተመልሼ እመጣለሁ፣ እናቴ። ያን ጊዜ ጥርስ አይደለም የምሰብረው።»

ሲወጡ ማተሚያው ላይ ሦስት ጥይት ተኮሱበት።

ካሲልዳ ሻርፗን ፈትታ የሊዮባርዶን ጭን ከቁስሉ በላይ አሰረች፤ ጉልበቷን ተጭና ጠበቅ አደረገችው። አንዱን ተማሪ አምቡላንስ ጥራ አለችው፤ ሌላዋን ዘበኛውን በጎኑ አስተኚው አለቻት። ሊዮባርዶ ከንፈሩ ነጥቶ ያያት ነበር።

«ሰጧት» አለ። «ሴትዮዋን ሰጧት።»

ሴት ነበረች ያለው ራሱ ነው። ይህን ልትለው ትችል ነበር። የሰጠኋት የሞተች ናት ልትለውም ትችል ነበር። ግን አዳራሹ ውስጥ አሥር ተማሪዎች አሉ፤ ከአሥሩ የማን ወንድም ከእነማን ጋር እንደሚውል አታውቅም።

«አዎ» አለች። «ሰጠኋት።»

ሊዮባርዶ ፊቱን አዞረባት።

በሕንፃው ጀርባ ባለው ደረጃ ወረደች። ኸርሊንዳ መሞቷን ጎረቤት እስኪነግራቸው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ያውም ጎረቤቱ በሩን ፈጥኖ ካልከፈተ። ከዩኒቨርሲቲው እስከ ገበያው አሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ በስድስት ደቂቃ ደረሰች። አፏን በመሐረብ ይዛ፣ የሚያያትን ሳታይ። በገበያው ግድግዳዎች ላይ ወረቀቶቹ ተቀደው ጥጋጥጋቸው ብቻ ቀርቷል። አንድ ድንች ሻጭ አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቆ ዕቃውን ይለቅማል። ከዓሣ ተራው ኋላ፣ በረዶ ከሚፈጩበት ክፍል ውስጥ ኦብዱሊያ አሥራ አንድ ወረቀት ይዛ ቆማለች። የሙጫ ባልዲው እግሯ ሥር ነው።

«ምን ሆነሻል? አፍሽ...»

«አሁኑኑ ትሄጃለሽ። ጀልባው ማዶ ያሻግርሻል፤ ከዚያ አውቶቡስ ትይዣለሽ። ከግርጌ ያለችውን መስመር አይተው መጡ።» ካሲልዳ መታወቂያውን ከደረቷ አውጥታ ሰጠቻት። ላብና ደም ነክቶታል። «ለጊዜው የሌላ ሰው ሰጥቻቸዋለሁ። የሞተ ሰው።»

ኦብዱሊያ መታወቂያውን ተቀበለች፤ ወረቀቶቹን ግን አላስቀመጠችም። «እኔ የትም አልሄድም። አሥራ አንድ ይቀረኛል።»

«ይገድሉሻል!»

«ይግደሉኛ! ሰባት ወር የኖርኩት ኑሮ ነው ብለሽ ነው? ልጄ በሌሊትም በቀንም ሊመጣ ይችላል። ቤቱ ተዘግቶ ቢያገኘውስ? ማን ይከፍትለታል?»

በኮረብታው በኩል፣ ከጣሪያዎቹ በላይ፣ ጥቁር ጭስ ቀጥ ብሎ ተነሣ። ካሲልዳ አየችው። የኸርሊንዳ ቤት ነው፤ የታሪክ መጻሕፍቷ፣ የልጇ ፎቶዎች፣ የፋሲካ ልብሷ። በሩን ሰብረው ባዶ ሲያገኙት ጎረቤት እስኪጠይቁ አልታገሡም ማለት ነው። አሁን ግን ይጠይቃሉ።

«አይመጣም፣ ኦብዱሊያ» አለች።

በሰባት ወር ውስጥ ይህን ቃል በፊቷ የደፈረ ሰው አልነበረም። ካህኑም፣ ጎረቤቶቿም፣ ሌሎቹ አራት እናቶችም ቢሆኑ። ኦብዱሊያ እጇን አንስታ ባለ በሌለ ኃይሏ የካሲልዳን አፍ፣ የተሰበረውን አፍ፣ በጥፊ መታችው። ካሲልዳ በበረዶው ክምር ላይ ተደገፈች፤ ዓይኗ ላይ ነጭ ብልጭታ በራ። ነጩ በረዶ ላይ ደም ተፋች።

«ድገሚው!» አለች ኦብዱሊያ።

«አይመጣም። ፎቶውን አይተሻል። እነዚያ የወሰዱት ሰው ተመልሶ ያውቃል? አንቺ ከሞትሽ ግን ስለ እሱ የሚናገር አይኖርም። እነሱ የሚፈልጉት ይህን ነው።»

ኦብዱሊያ ሁለተኛ ልትመታት እጇን አነሣች። እጇ በአየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ ወረደ። ጎንበስ ብላ የዓሣ ቢላዋዋን አነሣች፤ አሥራ አንዱን ወረቀት በሳንቃው ላይ አስተካክላ ከግርጌ ያለችውን መስመር በአንድ ምት ቆረጠቻት። ቁራጮቹን የዓሣ አንጀት በሚጣልበት በርሜል ውስጥ ጨመረች። አሥሩን ለበረዶ ፈጪዋ ሴት ሰጠች፤ ሴትዮዋ ምንም ሳትጠይቅ ከሽርጧ ሥር ደበቀቻቸው። አንዱን ራሷ ይዛ ከካሲልዳ ጋር በጓሮ በር ወጣች።

ጀልባው ከገበያው ጀርባ፣ ባሕሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ከሠራው ሐይቅ ዳር ይቆማል። ባለቤቱ ዶን ክሪሶፎሮ ስልሳ ያለፈው፣ ፊቱ በጨውና በፀሐይ የተሸበሸበ ሰው ነው። ሁለት ሴቶች ብቻ ይዞ አይነሣም ነበር፤ የካሲልዳን አፍ ሲያይ ግን ገመዱን ፈታ። ከኋላቸው፣ ከገበያው ወዲያ ማዶ፣ ሁለት ተኩስ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ ሦስተኛ።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?» አለ ከሞተሩ ጫጫታ በላይ።

«ወደቅኩ» አለች ካሲልዳ።

«እኔም ብዙ ጊዜ ወድቄያለሁ። ከሽጉጥ ላይ ግን ወድቄ አላውቅም።»

ሐይቁ መሐል ሲደርሱ ኦብዱሊያ ወረቀቷን ዘረጋች። ካሲልዳ ክንዷን ያዘቻት፤ ራሷን ነቀነቀችባት። ኦብዱሊያ ክንዷን አስለቀቀች። ከጠዋት ጀምሮ ያገኘችውን ሰው ሁሉ አስነብባለች፤ አሁንም የምትተው አይደለም።

«ጋዜጣው እንዲህ ይላል፣ ዶን ክሪሶፎሮ» አለች። አምስቱን ልጆች በስማቸው ጠራች። ቀጥላ ፖሊሶቹን ጠራች። «ሩቲልዮ ኮቦስ። አንሴልሞ ቴሄዳ። ዌንሴስላኦ ባርዬንቶስ።»

ሽማግሌው ሞተሩን አጠፋው። ጀልባዋ በፈጠነችበት ትንሽ ተንሸራትታ ሄደችና ቆመች። ውኃው ጎኗን ይልስ ጀመር። ወደቡም ማዶውም እኩል ይርቃሉ።

«ሁለተኛውን ድገሚልኝ።»

«አንሴልሞ ቴሄዳ።»

«ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለ ዶን ክሪሶፎሮ።

ካሲልዳ እግሯ ሥር ያለውን የመልሕቁን ብረት ጨበጠች። ከባድ ነበር፤ ማንሣቷን ግን አልተጠራጠረችም። አንድን ሽማግሌ በብረት ጭንቅላቱን ለመምታት ልቧ እንደቆረጠ ስታውቅ ራሷን ፈራች። ሽማግሌው እጇን አየ። መዳፉን ወደ ኦብዱሊያ ዘረጋ።

«ማንበብ አልችልም። ፎቶውን አምጪው።»

ኦብዱሊያ ወረቀቱን ሰጠችው። ከፀሐይ በባርኔጣው ከልሎ ረጅም ጊዜ አየው። ወደ ወደቡ በኩል አንድ የሞተር ድምፅ ተሰምቶ ጠፋ።

«ይህ ነው እሱ» አለ በመጨረሻ። «ሲራመድ ቀኝ ትከሻውን ይጥላል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። ይሄ እሱ አንገቱን አንቆ የያዘው ልጅ የማን ነው?»

«የእኔ።»

ሽማግሌው ፎቶውን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ሴትዮዋን አንድ ጊዜ አየ። ወረቀቱን በአራት አጥፎ መለሰላት። ዘወር ብሎ የሞተሩን ገመድ ያዘ። በመጀመሪያው ጉተታ አልተነሣም፤ በሁለተኛውም አልተነሣም። ሦስተኛውን በሁለት እጁ፣ እግሩን ከጀልባዋ ጎን አስደግፎ፣ እንደ ጠላት ጎተተው። ሞተሩ ጮኸ።

ካሲልዳ ብረቱን ሳትለቅ የጀልባዋን አፍንጫ ትጠብቅ ነበር። አፍንጫዋ ወደ ወደቡ በኩል ትንሽ ዘመመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረና ማዶው ላይ ወዳለው የአውቶቡስ መቆሚያ አቀና።